ጉርሻ ደሞዝ አይደለም!

«ጢሙን በቅጡ ያልላጨ የኮሌጅ ተማሪ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ዶላር! ያውም ኳስ ለመወርወር! ኧረ ዓለም አብዳለች!» አለኝ ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ማኪያቶውን እያማሰለ። ወዳጄ ዋሽንግተን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነድቶ የተመለሰ ሰው ነውና ነገሩ ያንገበግበዋል። አልፈርድበትም። በበረዶ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ የቤት ኪራይ ሲያስጨንቀው የኖረ ሰው፣ አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ በጫማና በለስላሳ ማስታወቂያ ሚሊየነር ሆነ ሲባል ቢናደድ ምን ይገርማል? የተናደደው ግን በተሳሳተው ሰው ላይ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እዚህ ላይ ኳስ የምንለው አርሴናልና ማንቸስተር የሚራገጡትን አይደለም። እንደ እንቁላል የሞለለውን፣ በእጅ የሚያዘውን፣ የራስ ቁር ደፍተው እንደ በሬ የሚዋጉበትን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ነው። ይህ ጨዋታ ሁለት ቤት አለው። አንደኛው ኤን.ኤፍ.ኤል. የሚባለው የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ነው፤ ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር። የዩኒቨርሲቲ ሲባል የስድስት ኪሎን የክፍል ግጥሚያ የሚያስብ ካለ ይተወው። መቶ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለማጠቃለያው የዋንጫ ዙር ብቻ ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለስድስት ዓመት 7.8 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተፈራርሟል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ቢሊዮን! ታዲያ ሜዳ ላይ ጉልበቱ የሚሰበረው ልጅ ምን ያገኝ ነበር? የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያና ቀለብ። በቃ። በ1906 የተቋቋመውና ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሚባለው ማኅበራቸው ከዚያ በላይ የነካውን ሲቀጣ ኖሯል። ሬጂ ቡሽ የተባለው ዝነኛ ተጫዋች የ2005ን የሔይስማን ዋንጫ፣ ማለትም የኮሌጅ ፉትቦልን ትልቁን ክብር፣ በ2010 አስረክቧል። ጥፋቱ እሱና ቤተሰቡ ከውጭ ሰዎች ጥቅም ተቀብለዋል የሚል ነበር። በ2024 ዋንጫውን መለሱለት። ያኔ ወንጀል የነበረው ነገር በዚህ መሀል በአደባባይ የሚፈረም ውል ሆኖ ነበራ!

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የስም ማውጣቱ ጥበብ ነው። በ1955 አንድ የኮሎራዶ ኮሌጅ ተጫዋች ሜዳ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ሚስቱ የሥራ ላይ አደጋ ካሳ ጠየቀች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 «ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ የለም፤ ካሳ አይገባሽም» አላት። «ተማሪ-አትሌት» የሚለው ቃል በዚያው ዘመን የተፈለሰፈ ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም። ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.ን ከሠላሳ ዓመታት በላይ የመሩት ዋልተር ባየርስ ራሳቸው ተጫዋቾቹ በሠራተኛነት እንዳይቆጠሩ ቃሉን ሆነ ብለው እንዳወጡት በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ተናዘዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ነዋ! ወንበር ላይ ሳለ እውነት የሚናገር ባለሥልጣን የት ተገኝቶ?

በኋላ ግድቡ መሰንጠቅ ጀመረ። ኤድ ኦባነን የተባለ የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ያለፈቃዱ መልኩ ተሠርቶ በቪዲዮ ጌም ሲሸጥ አይቶ በ2009 ከሰሰ። ካሊፎርኒያ በ2019 ሕግ አወጣች፤ ሌሎችም ተከተሉ። በሰኔ 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ከፀረ-ሞኖፖል ሕግ በላይ አይደለም አሉ። ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቹ ስሙን፣ መልኩንና ዝናውን ለማስታወቂያ እንዲሸጥ ተፈቀደለት።

እዚህ ላይ ነው ወዳጄን የማቆመው። የተፈቀደው ደሞዝ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ኪሱን አልነካም። ገንዘቡ የመጣው ከሱቁ፣ ከመኪና ሻጩ፣ በተለይም ሀብታም ደጋፊዎች በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ካቋቋሙት የመዋጮ ማኅበር ነው። በስም «የማስታወቂያ ክፍያ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ለማጫወት የተሰጠ ገንዘብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይህን እኛ ጉርሻ ነው የምንለው። ጉርሻ ትልቅ ሊሆን ይችላል፣ አፍ የሚሞላም አለ። የሚለካው ግን በአጉራሹ እጅ ነው። በመስከረም 2024 ማቲው ስሉካ የሚባል የላስ ቬጋሱ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፎ ሳለ ጥሎ ወጣ። የልጁ ወገን «ቃል የተገባለት 100 ሺህ ዶላር አልተከፈለም» አለ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «ደንብ የሚያስጥስ ጥያቄ ቀረበልን» አለ። ውሉ የት አለ? በአፍ ነበራ!

አሁን ፕሮፌሽናሎቹን ተመልከቱ። ብሮክ ፐርዲ በ2022 ከሁሉም ተጫዋች መጨረሻ፣ 262ኛ ሆኖ ተመረጠ። በ2023 የውድድር ዘመን ደሞዙ 870 ሺህ ዶላር ነበር፤ በዚያው ደሞዝ ቡድኑን ሱፐር ቦውል አደረሰ። በዚያን ጊዜ ከሱ የበለጠ የሚያገኙ የኮሌጅ ልጆች አሉ ተብሎ ሲጻፍ ሰው ሁሉ ሳቀ። ወዳጄም እስካሁን እየሳቀ ነው። ነገር ግን ፐርዲ የተጻፈ ውል ነበረው። በ2025 አዲስ ሲፈርም የአምስት ዓመት 265 ሚሊዮን ዶላር ሆነለት። ዝነኛ ያልሆነውም ቢሆን የወለል ደሞዝ አለው፤ በ2025 ለጀማሪ 840 ሺህ ዶላር ነበር።

ይህን ወለል ማን ሰጣቸው? የቡድኖቹ ባለቤቶች አዝነውላቸው ነው እንዴ? ተጫዋቾቹ በ1982 ለ57 ቀን ሥራ አቁመዋል። በ1987 እንደገና ሲያድሙ ባለቤቶቹ ምትክ ተጫዋች አስገብተው ሰብረዋቸዋል። እነሱ ግን ፍርድ ቤት ገብተው በ1993 ወደፈለጉት ቡድን የመሄድ ነፃነት አገኙ። በ2020 በጸደቀው ስምምነት ደግሞ ከሊጉ ገቢ ቢያንስ 48 በመቶ የተጫዋቾቹ ድርሻ ነው። ይህ ቁጥር የተገኘው ማኅበራቸው ከባለቤቶቹ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ነው።

የኮሌጆቹስ? በሰኔ 2025 አንድ ትልቅ የክስ ስምምነት በዳኛ ጸድቆ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። ለቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ውዝፍ በአሥር ዓመት ይከፈላል ተባለ። ጥሩ ነው። የአሁኖቹ ድርሻ ግን ጣሪያ ተበጀለት፤ ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ያውም ለሁሉም የስፖርት ዓይነት። ስሌቱ የትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከቴሌቪዥን፣ ከትኬትና ከመሳሰሉት የሚያገኙት አማካይ ገቢ 22 በመቶ ነው። 48ና 22! በዚያው ዓመት የአንድ ኤን.ኤፍ.ኤል. ቡድን የደሞዝ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ነበር። በዚህ ላይ ልጁ ከውጭ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የማስታወቂያ ውል ካገኘ ለምርመራ ማቅረብ አለበት። ስድስት መቶ ዶላር!

በአንጻሩ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን በኅዳር 2023 ሲያባርር ውሉ ስለሚያስገድደው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ግድ ሆነበት። እንዲሠራ አይደለም፤ እንዳይሠራ! ኒኮ ያማሌያቫ የተባለው የቴኔሲ ተጫዋች በ2025 በክፍያ ተጣልቶ ሲለቅ ግን «ስግብግብ» ያላለው አልነበረም።

የውጭ አገር ልጆች ነገርማ የባሰ ነው። በተማሪ ቪዛ የገባ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ሥራ መሥራት በእጅጉ የተገደበበት ስለሆነ ጉርሻውም አያልፍለትም። ኮንጎ የተወለደው ኦስካር ሺብዌ በ2022 ቡድኑ ለጨዋታ ባሃማስ ሲሄድ ነበር እዚያ ሆኖ ማስታወቂያውን የሠራው። በሩጫ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ከአዲስ አበባ ለሚሄድ የኛም ልጅ የሚጠብቀው ቪዛ ያው ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔንም እኮ ‹ሠራተኛ አይደለህም፣ የራስህ አለቃ ነህ› ይሉኝ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ለዚህም ነበር በ2013 ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ የዋሽንግተን ታክሲ ነጂዎች ከቲምስተርስ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተባብረው የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት።

«ልጆቹስ ማኅበር የላቸውም?» አለኝ።

ሞክረዋል። የኖርዝዌስተርን ተጫዋቾች በ2014 ጠይቀው በክልል ደረጃ «ሠራተኞች ናችሁ» ተባሉ፤ በ2015 የበላዩ ቦርድ ጉዳዩን አላይም ብሎ ዘጋው። የዳርትመዝ የቅርጫት ኳስ ቡድን በመጋቢት 2024 በ13 ድምፅ ለ2 ማኅበር መረጠ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ጥያቄውን ራሱ አነሳ። በ2025 ደግሞ ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበ አንድ ረቂቅ ሕግ አትሌቶቹ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ተደርገው እንዳይቆጠሩ የሚከለክል አንቀጽ ይዟል። ለመሆኑ እነዚህ ልጆች እንደተባለው ተማሪ ብቻ ከሆኑ፣ ሠራተኛ እንዳይባሉ ሕግ ማውጣት ለምን አስፈለገ?