የእንሽላሊቶቹን ታሪክ ግማሹን ብቻ አታጋሩን

«በ36 ዓመት ውስጥ ጭንቅላታቸው የተቀየረ እንሽላሊቶች» የሚለው ታሪክ እየታደሰ ይዞራል። ኮመንቱ ሁሌም ሁለት ጎራ ነው፦ አንዱ «ዳርዊን ተረጋገጠ!» ይላል፣ ሌላው «ቅጥፈት!»። እኔ ሁለቱም አላነበቡትም ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አድርያቲክ ባህር ላይ ካለችው ፖድ ኮፒሽቴ ደሴት (ያኔ ዩጎዝላቪያ፣ ዛሬ ክሮሺያ) አምስት ጥንድ እንሽላሊት ወስደው ፖድ ምርቻሩ የምትባል ሌላ ትንሽ ደሴት ላይ ለቀቁ። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ የነዚያ ዘሮች ጭንቅላታቸው ረዝሟል፣ ሰፍቷል፣ ከፍ ብሏል፤ ንክሻቸውም በርትቷል። ወላጆቻቸው በዋናነት ነፍሳት ነበር የሚበሉት፤ እነዚህ ግን በሞቃቱ ወራት ከሚበሉት 61 በመቶው ዕፅዋት ሆኗል።

ንክሻ ምን አገናኘው? እንሽላሊት እንደ በግ አያመነዥክም፤ ቅጠሉን ቆርጦ ነው የሚውጠው፣ ቅጠል ደግሞ ጭረቱ ጠንካራ ነው። ጭንቅላት ሲሰፋና ከፍ ሲል መንጋጋውን የሚዘጋው ጡንቻ ቦታ ያገኛል። እስከዚህ እስማማለሁ።

ግን «ቅጠል በላ፣ ጭንቅላቱ አደገ» ብሎ መዝጋት አይሆንም። ያው ጭንቅላት መጣያም ነው፤ ወንዶቹ ይነካከሱበታል፣ ሴቷንም ሲገናኙ ነክሰው ይይዙበታል። ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚደበቀው ደግሞ ጭንቅላቱ በጣም ከፍ ካለ መግቢያ ያጣል። (ልጅ ሆነን ስናባርረው በድንጋይ አጥሩ መሃል እንዴት እልም ይል እንደነበር አስታውሱ።) ለውጡ በዘር የሚተላለፍ ይሁን ወይስ ከጫጩትነት ጀምሮ ቅጠል በመንከስ የመጣ፣ በ2008 የወጣው ጥናት ራሱ አልቋጨውም። ለዚያ የሁለቱን ደሴቶች ጫጩቶች አንድ ዓይነት ምግብ እያበሉ ማሳደግ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የሚዘለለው ክፍል ነው። ፖድ ምርቻሩ ባዶ አልነበረችም። ነባር እንሽላሊት ነበራት፣ ሌላ ዝርያ። እንዲያውም የ1971ዱ ሙከራ የተደረገው ሁለቱ ዝርያዎች ሲገናኙ ማን ማንን ይገፋል የሚለውን ለማየት ነበር። ተመራማሪዎቹ ሲመለሱ ነባሮቹ ከደሴቷ ጠፍተዋል። ስለ መጤው ጭንቅላት ስፋትና ቁመት ስናወራ እንውላለን፤ ስለ ነባሩ አንድ መስመር የሚጽፍ የለም። ቀጥሎ ሼር የምታደርጉት፣ እባካችሁ ይቺን መስመር ጨምሩልኝ።