ጓያና ማግኔቱ

«አገሩ እህል እየጠበቀ እናንተ ፕሮቲን በማግኔት ታያላችሁ?» የሳይንስ ወሬ ባነሳን ቁጥር የምትመጣ ጥያቄ ናት። መልሳችን ከሰሜን ወሎ ነው።

ከላሊበላ ወደ ደቡብ መቄትንና ዋድላን ያለፈ ሰው ዳውንትና ደላንታ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ እዚያ ድርቅ ሌላውን አዝመራ ሲያጠፋ ጓያ ብቻውን ችሎ ቆመ። ሰው ወራት ሙሉ ጓያ በላ። ከዚያ ብዙዎች፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶች፣ እግራቸው ተሳስሮ በምርኩዝ ቀሩ። ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ ወረርሽኙን በ1999 በላንሴት መጽሔት አሳወቁ። ለበሽታው ዛሬም ፈውስ የለም።

ጥፋተኛው ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ነርቮቻችን መልእክት የሚለዋወጡበትን ግሉታሜት ስለሚመስል የግሉታሜት መቀበያ በሆነው ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል፤ ነርቩንም ከልክ በላይ እየቀሰቀሰ ይጎዳዋል።

ማግኔቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኤንኤምአር የሆስፒታሉ ኤምአርአይ የቅርብ ዘመድ ነው። ችግሩ፣ ከ1000 የናይትሮጅን አተሞች ለእሱ ጥርት ብለው የሚታዩት ናይትሮጅን-15 የሚባሉት 4 ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎች የመቀበያውን ዘረ መል ለባክቴሪያ ሰጥተው ናይትሮጅን-15 ብቻ ይመግቡታል። ባክቴሪያው የሚሠራው ፕሮቲን ሁሉ ምልክት ይዞ ይወጣል። «አይሶቶፕ» ሲባል የሚደነግጥ አይደንግጥ፤ ይሄኛው ጨረር የለውም። መክፊተርስና ኦስዋልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 የዚህን መቀበያ ግሉታሜት የሚይዝ ክፍል እንቅስቃሴ የተከታተሉት እንዲህ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል። ኦዳፕ መቀበያውን እንዴት እንደሚይዘው፣ ምንስ እንደሚያስለቅቀው ለመጠየቅ ከእኛ የበለጠ ምክንያት ያለው ማነው? ጓያ የሀብታም አገር ሰው ችግር አይደለም፤ ሌላው እስኪጠይቅልን ከጠበቅን ገና ብዙ እንጠብቃለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች የአገራችንን ዕፅዋት በኤንኤምአር ሲመረምሩ ኖረዋል፤ ማሽኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጎደለው ይህን ጥያቄ የራሱ የሚያደርግ ወጣት ነው።

እርግጥ ማግኔት አያበላም። እነ ኃይለየሱስ በ2003 ጓያን ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ስለዚህ ድርቅ ሲመጣ የእርዳታው ስንዴ ጓያው ብቻውን ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይድረስ። ስንዴው ለዘንድሮ፣ ጥናቱ ለከርሞ ነው፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንድንተው የሚያስገድደን የለም።