ከዘመቻ ወደ ዕለታዊ ልማድ፦ የቴክኖሎጂ አመራር በምዕራብ ጎጃም

አገራችን በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘውን ስትራቴጂ ካጸደቀች ወዲህ የመንግሥትን አገልግሎት በቴክኖሎጂ ለማዘመን ሰፊ ሥራ ተከናውኗል። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ የፋይዳ ምዝገባ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል፤ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ሥራ ጀምሯል። ይሁን እንጂ የእነዚህ ሥራዎች ፍሬ የሚታየው በወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ነው። ከወምበርማ የገጠር ቀበሌ ማልዶ ተነሥቶ ሽንዲ የደረሰ አርሶ አደር «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ አንድ የሥራ ቀን አጥቷል። ጊዜው የእርሻ ወቅት ከሆነ ደግሞ ያ ቀን ተመልሶ አይገኝም።

«ሲስተም የለም» የሚለው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ለኔትወርክ ወይም ለኤሌክትሪክ መቋረጥ ይሰጣል። ምክንያቱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ተመሳሳይ መሣሪያና ተመሳሳይ መስመር ያላቸው ሁለት ጽሕፈት ቤቶች የተለያየ አገልግሎት ሲሰጡ የሚታይበት አጋጣሚም ጥቂት አይደለም። ልዩነቱን የሚፈጥረው የቴክኖሎጂ ሥራውን የሚመራው ኃላፊ የዕለት ተዕለት የሥራ ልማድ ነው የሚለው የዚህ ትንተና ዋና ሐሳብ ነው።

ለዚህ የገጠር መሬት ምዝገባ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታን በመመዝገብና ለባለይዞታዎች ደብተር በመስጠት ረገድ ቀዳሚ ከሆኑት ክልሎች አንዱ ነው። ከመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ በኋላ የእያንዳንዱን ማሳ ወሰን በካርታ የሚያሳይ ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ተከናወነ፤ መረጃውን በኮምፒዩተር የሚይዘው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓትም ወደ ወረዳዎች እንዲወርድ ተደረገ። ምዝገባው የተካሄደው በዘመቻ ነበር፤ ባለሙያዎች ተሰማሩ፣ ሕዝቡ በየቀበሌው ተጠራ፣ ማሳዎች ተለኩ። ዘመቻው ዓላማውን መትቷል ማለት ይቻላል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የመሬት መዝገብ ሕይወት ያለው ነገር ነው። አባት ሲሞት ልጆች ይወርሳሉ፤ ባልና ሚስት ሲለያዩ ይዞታ ይከፈላል፤ መሬት በስጦታ ይተላለፋል፣ ይከራያል፣ በፈቃድ ይለዋወጣል። እያንዳንዱ ለውጥ በዕለቱ ካልተመዘገበ ካርታውና መሬቱ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መዝገቡ የሚናገረው ስለሞቱ ሰዎችና ስለሌሉ ወሰኖች ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 በመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ስለፈቀደ የመዝገቡ ትክክለኛነት ከወሰን ክርክር አልፎ የገንዘብ ጉዳይም ሆኗል። መዝገቡ ያልታደሰለት ወራሽ መሬቱን እያረሰ እንኳ ለአበዳሪው የሚያሳየው ማስረጃ የለውም።

ለዕድሳቱ የሚያስፈልገው በየማለዳው የሚሠራ፣ ማንም የማያጨበጭብለት፣ ለዜና የማይበቃ ሥራ ነው። የትናንት ማመልከቻዎች ገብተዋል ወይ? የመረጃው ቅጂ ተወስዷል ወይ? የባትሪው አቅም ስንት ደቂቃ ያቆያል? ትናንት የቆመው ማተሚያ ዛሬ ተነሥቷል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች በየዕለቱ የሚጠይቅ ኃላፊ ያለው ጽሕፈት ቤት ዘመቻው ያስገኘውን ውጤት ይጠብቃል። የሥራ ምዘናችን ግን በአብዛኛው ምረቃን፣ የሠልጣኝ ቁጥርንና የተገዛ ዕቃን ስለሚቆጥር ኃላፊው ጉልበቱን ወደዚያ ቢያዞር አያስገርምም።

ስለ ሥራ አመራር በስፋት የጻፈው ፒተር ድረከር በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ፣ ኃላፊ ከዕቅድ በፊት ጊዜው በእርግጥ የት እንደሚሄድ መዝግቦ ማወቅ እንዳለበት አስረድቷል። የኢንቴል ኩባንያ መሪ የነበረው አንድሪው ግሮቭም በ1983 (እ.ኤ.አ.) የሥራ አስኪያጅ ውጤት የሚለካው እርሱ በሚመራው ክፍልና ተጽዕኖ በሚያሳድርባቸው ክፍሎች ውጤት መሆኑን አስፍሯል። ሁለቱም የጻፉት ለሌላ ዓለም ቢሆንም ፍኖተ ሰላም ላይ ያለ የዞን ኃላፊ ምክራቸውን ያለ ምንም በጀት ሊሞክረው ይችላል። ለሁለት ሳምንት የስብሰባ፣ የሪፖርት፣ የመስክና የጥገና ሰዓቱን በተራ ደብተር ይመዝግብ። ስብሰባና አስቸኳይ ሪፖርት አብዛኛውን ቀን ወስደው ከተገኙ፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ክፍሎች የሚጠሩት አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ለምን ሥራ እንደማይጨርስ ግልጽ ይሆናል። የተበላሸ ሰርቨርን መመርመር ወይም የተዛባ መረጃን ማስተካከል ያልተቆራረጠ ሰዓት ይፈልጋል። ኃላፊው ለባለሙያው ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ድጋፍ፣ በእኛ አስተያየት፣ የማለዳውን ሁለት ሰዓት ከስብሰባ ነጻ አድርጎ መጠበቅ ነው።

የብልሽት መዝገብም እንዲሁ ቀላል፣ ነገር ግን ብርቅ የሆነ ልማድ ነው። በዚሁ ዞን፣ ቡሬ ላይ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል፤ ፊቤላ የዘይት ፋብሪካም በዚሁ ዓመት ሥራ ጀምሯል። በማምረቻ ድርጅት ውስጥ መስመር ሲቆም የቆመበት ሰዓትና ምክንያት ይመዘገባል፤ ኪሳራው ወዲያው በብር ስለሚታወቅ። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት አገልግሎት ሲቆም ኪሳራውን የሚሸከመው ባለጉዳዩ ነውና በየትኛውም ሒሳብ ላይ አይታይም። መቼ ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ መቼ ተነሣ፣ ስንት ሰው ተመለሰ የሚሉ አራት ዓምዶች ያሉት መዝገብ ይህን ስውር ኪሳራ ያወጣዋል። ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ኃላፊ ችግሩ መስመሩ ይሁን፣ ኤሌክትሪኩ ይሁን፣ ወይስ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ በማስረጃ መናገር ይችላል። ለዞንና ለክልል የሚቀርብ የበጀት ጥያቄም «ችግር አለብን» ከሚል አቤቱታ ወደ ቁጥር ይሸጋገራል። መዝገቡ ግን ለቅጣት እንደማይውል ኃላፊው አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፤ አለበለዚያ ማንም እውነቱን አይጽፍበትም።

የይለፍ ቃል ጉዳይ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የተማረ ባለሙያ ከወረዳ ወደ ከተማ፣ ከመንግሥት ወደ ግል ድርጅት መዛወሩ የተለመደ ነው፤ መብቱም ነው። ችግር የሚፈጠረው ሥርዓቱን የማንቀሳቀስ ዕውቀት በወረቀት ላይ ሳይሰፍር አብሮት ሲሄድ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ሁለት ሰው የሚያውቀው እንዲሆን፣ የይለፍ ቃሎች በታሸገ ፖስታ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና እንዲቀመጡና በዝውውር ጊዜ እንዲቀየሩ፣ ርክክብም የዕቃ ብቻ ሳይሆን የአሠራር እንዲሆን ማድረግ የአመራር ሥራ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ያስተማራቸው አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በብዙ ቢሮዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ቅዳሜ ያልቃሉ። አምስተኛው ግን በየዕለቱ የሚሠራ በመሆኑ በአብዛኛው ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ከመሠረተ ልማት አንጻር የአካባቢው እውነታ መዘንጋት የለበትም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ዳር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የክልል ባለሙያ በስልክ ተጠርቶ በሰዓታት ውስጥ አይደርስም። ክረምቱ ከባድ፣ መብረቁም ብርቱ ነው፤ የኃይል መዋዠቅ ያልተጠበቀን መሣሪያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያቃጥላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው የፀጥታ ሁኔታ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡም ሁልጊዜ መስመር ይኖራል ብሎ የታቀደ አገልግሎት ምን እንደሚገጥመው አሳይቷል። ስለሆነም ያለ ኔትወርክ መዝግቦ መስመር ሲመጣ የሚያስተላልፍ አሠራር፣ ከሕንፃው ውጭ የሚቀመጥ የመረጃ ቅጂ፣ እንዲሁም ሥርዓቱ ሲቆም ለባለጉዳይ የሚሰጥ የወረቀት ደረሰኝና የቀጠሮ ቀን አስቀድሞ ሊዘጋጁ ይገባል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 ነጻ የግብርና መረጃ የስልክ መስመር የዚህ አስተሳሰብ መልካም አብነት ነው፤ ኢንተርኔትም ሆነ ዘመናዊ ስልክ ሳያስፈልገው አርሶ አደሩ በእጁ ባለው ተራ ስልክ ደውሎ በቋንቋው ምክር እንዲያገኝ ተደርጎ የተሠራ ነውና።

የወረዳ ኃላፊ ልማዱን ቢያስተካክልም ከላይ ያለው አሠራር ካልተለወጠ ብዙ አይራመድም። አንድ መረጃ በሦስት ቅጽ ለሦስት መሥሪያ ቤት የሚጠየቅ ከሆነ፣ ስብሰባም ዋዜማው ላይ በስልክ የሚጠራ ከሆነ፣ የማለዳውን ሁለት ሰዓት ማንም ሊጠብቅ አይችልም። ይህ ለክልል ቢሮዎችም ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም፣ የራሳችንን ጨምሮ፣ የሚመለከት ነው።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የበጀት አጠቃቀሙ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያልተጠቀምንበት ገንዘብ በግንቦትና በሰኔ ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ግዢ ይሮጣል፤ የባትሪ፣ የኃይል መጠበቂያና የጥገና ወጪ ግን ብዙ ጊዜ የራሱ መደብ አይኖረውም። አዲሶቹ ማሽኖች የሚደርሱትም መብረቁ በሚበረታበት በሐምሌ ነው። የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት የየወረዳው የቴክኖሎጂ ኃላፊ የብልሽት መዝገቡን ይዞ ወደ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ቢገባ፣ የጥገና መደብ ከአዲስ ግዢ ቀድሞ እንዲያዝ ለመጠየቅ የሚያስችል ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል።