የአርብ ገበያ በሬ በየትኛው ሚዛን ይመዘናል?



ኢትዮጵያ በየዘርፉ ምን ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ እንደምትለቅና ደኖቿ ምን ያህሉን መልሰው እንደሚያምቁ የሚመዘገብበት የሒሳብ መዝገብ አላት። የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1994 ካጸደቀች ወዲህ ይህን የማሳወቅ ግዴታ አለባት። መዝገቡ ኃይልን፣ የኢንዱስትሪ ሂደትን፣ ቆሻሻን እንዲሁም ግብርናን ከደንና ከመሬት አጠቃቀም ጋር ለየብቻ ያሰላል።

ብዙዎቻችን ልቀት ሲባል የፋብሪካ ጭስ ይታየናል። የአገራችን ሒሳብ ግን ወደ በረትና ወደ ጫካ ነው የሚወስደን። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010ን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲያደርሰው ከ85 በመቶ በላይ የሆነውን ድርሻ የሰጠው ለግብርናና ለደን ነው። ትራንስፖርትና ኢንዱስትሪ እያንዳንዳቸው የያዙት 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበር።

በ2021 ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው የተሻሻለ ዕቅድ ግን ያንኑ 2010ን 247 ሚሊዮን ቶን አደረገው። ካለፈ ዓመት ላይ በሬ አይጨመርም፤ የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው። በአቆጣጠር ብቻ ይህን ያህል ልዩነት ከመጣ፣ አለካኩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም እንላለን።

የታች ጋይንቷን አርብ ገበያ እንውሰድ። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን ያገሳል። በቀላሉ የስሌት ደረጃ ከወተት ላም ውጭ ያለ የአፍሪካ ከብት ሁሉ በዓመት 31 ኪሎ ሚቴን ይለቃል ተብሎ ይታሰባል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ስለሚያሞቅ፣ አንዱ ከብት ወደ 868 ኪሎ ይያዝበታል። የጤፍ ገለባ እየበላ የሚያርስ በሬ፣ ጊደርና ለበዓል የሚደልብ ሰንጋ በዚህ ስሌት አንድ ናቸው። ከፍ ያለው ደረጃ ግን ዕድሜን፣ ክብደትን፣ መኖንና ሥራን ይለያል።

ይህ አለያየት መድረሳ ለተቀመጠ ሰው እንግዳ አይደለም። የከብት ዘካ ስንማር ሠላሳ ሲሞላ የአንድ ዓመት፣ አርባ ሲሞላ የሁለት ዓመት ከብት እንደሚወጣ ቀርተናል። በግጦሽ የሚኖረው ከሚቀለበው፣ የሚያርሰው ከማያርሰው ይለያል፤ በብዙዎቹ ዑለማ ዘንድ በእርሻ በሬ ላይ ዘካ የለም። ሐቅ ያለበት ነገር በግምት አይታለፍም ማለት ነው።

የማገዶው ሒሳብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከምድጃ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኃይል ዘርፍ ድምር ውስጥ አይገባም፤ ዛፉ ሲቆረጥ በመሬት ዘርፍ ስለሚቆጠር ሁለቴ እንዳይያዝ ነው። በደን በኩል ደግሞ አገራችን ደን የምትለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለውን ነው። ስለዚህ የጋይንት ወይም የስማዳ ገበሬ በጓሮው ያቆማት ጥቂት ባሕር ዛፍ ካርቦን ብታምቅም ደን ተብላ አትቆጠርም። በሴፍቲኔት ጉልበት የተከለለው ተራራም የሚታየው የለካው ሰው ሲኖር ነው። የተተከለ ሁሉ የጸደቀ አይደለምና፣ ችግኝ ተተከለ በተባለበት ቦታ የጸደቀው መቆጠር አለበት።

“ዓለምን ያሞቁት ባለጸጎቹ ናቸው፤ የድሃ በሬ ለምን ይለካል?” የሚሉ አሉ። የባለጸጎቹ ዕዳ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በወላይታ ሁምቦ ገበሬዎች 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ አልምተው የካርቦን ክፍያ ያገኙት፣ ዛፋቸው ያመቀው ተለክቶ ስለተመዘገበ ነው። ያልተለካ ድካም ዋጋ አያወጣም። የኛ ወገን ስለሆነ የከብቱን ልቀት ማሳነስም አይገባም። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው ለራሱ ሞልቶ እያስሰፈረ ለሌላው የሚያጎድለውን ነው።

የምህንድስና፣ የግብርናና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታችንን ወደየመጣንበት ወረዳ እንውሰደው። በአንድ ቀበሌ የከብቱን ዕድሜና መኖ፣ የአንድ ቤት የሳምንት ማገዶ በኪሎ፣ የጸደቀውን ችግኝ ቁጥር መዝግቦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስረከብ ሚዛን፣ ሜትርና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ገበሬውም ውጤቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ የተመዘነው የእሱ ንብረት ነውና።