ጤዛ፦ ዴም ላይ ሆነን ያየነው የራሳችን ፊልም

ዛሬ ስለ ከሻ፣ ስለ መታወቂያ እድሳት፣ ስለ ዩኤን ቀጠሮ አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ፊልም ነው። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሥራ ፈታ እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱኝ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ዴም፣ አንድ ወዳጃችን ቤት፣ አሥራ አንድ ሆነን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አየን። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። መብራት ሁለቴ ሄዶብናል፤ አንድም ሰው ግን ተነስቶ አልወጣም።

ኃይሌን ለማታውቁት፦ ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ በወጣትነቱ አሜሪካ ሄዶ ሲኒማ የተማረ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረ አንጋፋ ዳይሬክተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሰጥቶናል። «ጤዛ»ን ሠርቶ ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። ውጤቱንም ዓለም አይቶለታል። በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በካርቴጅ የወርቅ ታኒት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት፣ የወርቅ ፈረሱን ወስዷል።

እኔ ግን ሽልማቱ አይደለም እንድጽፍ ያደረገኝ።

ታሪኩ የአንበርብር ነው። ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ ለአብዮቱ ብሎ አገሩ ይገባል። የነበረው ተስፋ በደም ይታጠባል፤ ጓደኛው ተስፋዬ ይገደላል። ተመልሶ ምሥራቅ ጀርመን ሲሄድ ደግሞ ጥቁር በመሆኑ ብቻ ተደብድቦ እግሩን ያጣል። በመጨረሻ ጎንደር፣ ጣና ዳር ያለች መንደሩ፣ እናቱ ዘንድ ይመለሳል። ሌሊት ይቃዣል። የሆነበትን ሁሉ እንኳ በቅጡ አያስታውስም።

የፊልሙ ትልቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ደርግን ረግሞ ብቻ አያልፍም። አገር እናድናለን ብለው የተነሱት ወጣቶች እርስ በርስ እንዴት መደማመጥ እንዳቃታቸው ያሳያል። ምሁሩን ጀግና አያደርገውም፤ ጀግናዋ እናቱ ናት። መንደሩ ያገለላትን አዛኑን ቤቷ አስገብታ ያኖረችው፣ መጽሐፍ ያልቆጠረችው ያቺ እናት ናት።

መንደሩ ላይ ደግሞ ለውትድርና የሚታፈሱ ልጆች አሉ። ከአፈሳው ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ ከመሃላችን አንድ ጋሼ፣ በመተማ በእግሩ ወጥቶ ገዳሪፍ የገባ፣ ቀስ ብሎ «እኔም እንደዚህ ተደብቄ ነበር» አለ። አጠገቡ ካርቱም ተወልዶ ያደገ ልጁ ተቀምጧል። ልጁ ዞር ብሎ አየው። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ሰምቶ አያውቅም!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ከ1991 በፊት ደርግን ሸሽተው የወጡ ኢትዮጵያውያን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 «የተሰደዳችሁበት ምክንያት ቀርቷል» ተብለው የስደተኝነት ከለላቸው በጅምላ እንዲያበቃ መወሰኑን ታስታውሳላችሁ። መንግሥት ስለተለወጠ ምክንያቱ ቀርቷል ነው ነገሩ። «ጤዛ» ለዚህ ውሳኔ መልስ ይመስለኛል። አንበርብር ላይ የደረሰው ነገር ሁሉ አልፏል፤ ቅዠቱ ግን አላለፈም። ወረቀት የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ሰው ውስጥ የቀረ ነገር ግን በማኅተም አይዘጋም። ይህን ስል መጤ አዳዲስ ወገኖቻችን ችግር የለባቸውም ማለቴ አይደለም። የቀደሙትን ረስተናቸዋል ማለቴ ነው።

አንድ ቅሬታም አለኝ። የፊልሙ ስደት የጀርመን ስደት ነው፤ የተማረው ሰው ስደት። በእግራችን ወደ ሱዳን የተሻገርነው የለንበትም። የገላባት አቧራ፣ የካምፑ ድንኳን፣ ካርቱም ፀሐይ ላይ ሻይ የምትሸጠው እህታችን የሉም። ግን ኃይሌን አልወቅሰውም። እሱ የራሱን ትውልድ ታሪክ 14 ዓመት ታግሎ ነገረን። የእኛን ማን ይንገርልን? እኛው ነን እንጂ!

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ፊልሙን ከአባቶቻችሁና ከእናቶቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት እንጂ ብቻችሁን አትዩት። ሁለተኛ፣ ካያችሁ በኋላ ጠይቋቸው። በሞባይልም ቢሆን ድምፃቸውን ቅዱ። «ኢሕአፓ ነበርክ ወይስ መኢሶን?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፤ ዛሬም ድረስ በዚህ ሰበብ ሰላም የማይባባሉ ሽማግሌዎች እዚሁ ካርቱም አሉ። «በየት በኩል ወጣህ? ማን አብሮህ ነበር? ማን መንገድ ላይ ቀረ?» በሏቸው።

ጤዛ ፀሐይ ሲወጣ ይረግፋል። እነዚህ ሰዎችም እያለቁ ነው።

የዚያ ጋሼ ልጅ ትናንት ደወለልኝ። ከአባቱ ጋር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያወሩ አመሹ።

ቸር ያሰማን።