የጤና ዓምድ፦ ትኩሳቱ ሳይለቅ ደም ይታይ

ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ የሄዱ ዘመዶቻችን ስልክ ሲደውሉ «እዚህ ላይም የሚባል የመዥገር በሽታ አለ፣ እናንተም ጋ ይኖራል ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ላይም በብዛት የሚታወቀው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ነው። እኛን በቅርብ የሚመለከተን ግን የሱ ዘመድ ነው፤ ግርሻ። የሁለቱም ተሕዋስ ቦሬሊያ ከሚባል አንድ ወገን ነው።

ግርሻን አንዱ ከሌላው የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። የራስ ቅማል አይደለም፤ በስፌት ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ነው። በኬንያ፣ በሶማሊያና በታንዛኒያ ደግሞ በአፈር ወለልና በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ የሚኖር፣ ሌሊት ነክሶ የሚመለስ መዥገር የሚያመጣው ሌላ ዓይነት አለ።

በሽታው ድንገት ነው የሚጀምረው። ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ አንዳንዱን ያነስረዋል፣ የአንዳንዱ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ ትኩሳቱ በራሱ ይለቃል። «ተመስገን ዳንኩ» ከተባለ ከቀናት በኋላ እንደገና ይመጣል። ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው። ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል። በቅማል የሚመጣው ሳይታከም ከቀረ ከመቶ ታማሚ ከ10 እስከ 40 ሊገድል ይችላል፤ ከታከመ ግን የሚሞተው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ላይ ነውና። ክሊኒክ ስንሄድ ጣታችን ተወግቶ በትንሿ ፕላስቲክ የሚታየው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ወባን ብቻ ነው። ግርሻ ቢኖርብንም «ወባ የለም» ብሎ ዝም ይላል። ግርሻ የሚገኘው ደም በመስተዋት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ይመስላል። ይህም የሚሆነው ትኩሳቱ እያለ ነው። ትኩሳቱ ሲለቅ ተሕዋሱ ከደም ውስጥ ስለሚመነምን መስተዋቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ይሻለኝና እሄዳለሁ» ማለት ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል። የወባ ውጤት ነጻ ሆኖ ትኩሳቱ ካለ «እባክዎ ደሜ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ፣ ከዚህ በፊትም መጥቶ ለቆኝ ነበር» ማለት ነውር የለውም። ቅማል እንዳለም መናገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ካልሰማ በምን ያውቃል?

በላይም ነገሩ ይለያል። እዚያ ደም የሚመረመረው ሰውነት ለበሽታው የሠራው መከላከያ እንዳለ ለማየት ነው፤ ያ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «የለብህም» ቢባልም ላይኖር ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሐኪሞቹ በቆዳ ላይ እየሰፋ የሚሄደውን ቀይ ክብ አይተው ያክማሉ። ለዘመዶቻችን ይህን ንገሯቸው።

የግርሻ መድኃኒት ውድ አይደለም፤ በቅማል ለሚመጣው ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ይበቃል። ሆኖም መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ተሕዋሱ በብዛት ሲሞት ትኩሳቱ ይብሳል፣ ሰውየው ይንዘፈዘፋል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። «መርፌው ሊገድለው ነው» ብሎ በሽተኛን ይዞ መውጣት አደገኛ ነው፤ ክሊኒክ ተኝቶ መጠበቅ አለበት። ከሱቅ ገዝቶ ቤት መዋጥ የማይገባውም ለዚሁ ነው። እርጉዝ የሆነች እህታችን መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ትናገር።

ስለ ቅማሉ አንድ ነገር እንበል። በሽታው የሚገባው በንክሻው ሳይሆን ቅማሉ ሲደፈጠጥ ውስጡ ያለው በቆሰለ ቆዳ ላይ ሲፈስ ነው። በጥፍር መጨፍለቅ፣ ይባስ ብሎ በጥርስ፣ ይቅር! ልብስና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ይታጠብ። ማገዶ ከሌለ በፌስታል ጥብቅ አድርጎ አስሮ ሁለት ሳምንት ማቆየትም ይገድለዋል፤ ለቅያሪ ልብስ ከጎረቤት መዋዋስ ግን መጀመሪያ ታጥቦ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው አውሮፓ የደረሱ ስደተኞች ላይ ይኸው በሽታ ተገኝቶ ነበር፤ በመንገድ በተጨናነቀ ማረፊያ ልብስ ሳይቀይሩ የከረሙ ወጣቶች ናቸው። ቅማል ውሃና ሳሙና ያጣን ሰው ሁሉ ይይዛል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በአንድ ቤት ሁለት ሰው በተከታታይ ከተኛ ወይም ሳሙና ካለቀባችሁ በየብሎኩ ላሉት የጤና ሠራተኞች ዛሬውኑ ንገሩ።