ደጅ የቆሙ ምሁራን

ነገሩ የጀመረው በለቅሶ ነው። የአንድ የትምህርት ክፍላችን ባልደረባ እናት ባረፉ ጊዜ፣ አስከሬናቸው ወደ መቃብር ከመሄዱ በፊት ይገለገሉበት ወደነበረው የወንጌላውያን አማኞች ቤተ ክርስቲያን ገባ። ቤተ ዘመዱ ተከትሎ ገባ። እኛ ከዩኒቨርሲቲው የሄድነው ሃያ ያህል መምህራን ግን ከአጥሩ ውጪ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመን ቀረን። ከመካከላችን የሦስተኛ ዲግሪ ባለቤቶች ጥቂት አልነበርንም። ስለ ደመወዝ ስናወራ አንድ ሰዓት አለፈ። አስከሬኑ ሲወጣ ኀዘንተኛው ወደ እኛ ተመለከተ፤ ምንም አልተናገረም። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቢሮ ከተጋራን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። ልጄ ክርስትና በተነሣች ዕለት ከንጋት ጀምሮ በደብራችን ቅጽር ቆሞ የጠበቀ ሰው ነው።

በሁለተኛው እሑድ፣ ማንም ሳይጋብዘኝ፣ ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የተቀደሰ ስፍራ ደጃፍ ስደርስ ጫማ ማውለቅን ከልጅነቴ የለመድሁ ሰው ነኝና፣ ጎንበስ ብዬ ማሰሪያዬን መፍታት ጀመርሁ። በር ላይ የቆመው ወጣት ፈገግ ብሎ «አያስፈልግም፣ ጋሼ፤ ይግቡ» አለኝ። ወንዱና ሴቱ ተደባልቆ ተቀምጧል። ከበሮና ጸናጽል ለለመደው ጆሮዬ የኪቦርዱ ድምፅ ከበደው። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱም በራሱ ቃል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጸልይማ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተነሥቼ ለመውጣት ዳድቶኝ ነበር። እንግዶች እንዲነሡ በተጠየቀ ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ግን ክንዴን ነካ አድርገው «መቆም ካልፈለግህ ተወው ልጄ፤ ጌታ አይቶሃል» አሉኝ። እናቴም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ አይናገሩም ነበር።

ስብከቱ እንደ እኛው ነበር፤ ግማሹ መልካም፣ ግማሹ ረጅም። የነካኝ ማስታወቂያው ነው። የታመሙ፣ ሥራ ያጡ፣ የቤት ኪራይ የተቸገሩ ሰዎች ጉዳይ ተነገረ፤ መዋጮ ተሰበሰበ፤ ማን ማንን እንደሚጠይቅ ተመደበ። ይህን ያህል ዘመን ስለ «ማኅበራዊ ትስስር» ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ከቤቴ ሃያ ደቂቃ በማይርቅ ስፍራ ያለውን ትስስር አላውቀውም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከሕዝባችን 10 በመቶ ገደማ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ18 በመቶ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ስለዚህ ለውጥ የምናውቀው ምንድን ነው? አንዱ «በእርዳታ ስንዴ ተገዝተው ነው» ይላል፤ ሌላው «የፈረንጅ ሴራ ነው» ይላል። ስለ አንድ መንደር አንዲት አንቀጽ ለመጻፍ የመስክ ጥናት ካልተደረገ ብለን ተማሪ የምንጥል መምህራን፣ ስለ ሚሊዮኖች እምነት ደጃፉን ሳንረግጥ እንፈርዳለን።

«መጤ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ክርስትናን በአክሱም ቤተ መንግሥት ያጸናው ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ለ1600 ዓመታት ገደማ ጳጳስ የሚላክልን ከግብፅ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም ራሷን ችላ የቆመችው በዚያው ዓመት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በካይሮ ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ሲሆን፣ ትርጉሙን ያሳተመው የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። ከዚህ ውስጥ የቱ አገር በቀል፣ የቱስ መጤ ነው? ስድብ ያደረግነው «ጴንጤ» የሚለው ቃል እንኳ ከጰንጠቆስጤ የመጣ ነው፤ እኛም ከትንሣኤ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ጰራቅሊጦስ ብለን የምናከብረው ያንኑ በዓል ነው።

ገዳዮቻችን ግን ልዩነት አላደረጉም። በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ በሳምንታት ልዩነት፣ ደርግ የመካነ ኢየሱስን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳንና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ የነበሩትን አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ። የሁለቱም አፅም ከተጣለበት ወጥቶ በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ልጆቻችን ይህን ታሪክ በአንድነት ሲማሩት አላየሁም፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰማዕት ብቻ ያለቅሳል።

«ሃይማኖትህን ልትለውጥ ነው እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልለውጥም። ባለፈው እሑድ ያስቀደስሁት በደብሬ ነው። የሰው ቤት ገብቶ በመውጣት የሚፈርስ እምነት ካለ፣ ቀድሞውኑ አልቆመም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ አርዮስፋጎስ ላይ ቆሞ ከአቴና ሰዎች ጋር ሲነጋገር መሠዊያዎቻቸውን ተመልክቶ ነበር፤ እኛ የወንድማችንን መዝሙር እንኳ ለመስማት እንፈራለን።

ወቀሳው የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በዚያች እሑድ ሰባኪው ስለ ቀድሞው ሕይወቱ ሲናገር እኔ ያደግሁባትን ቤተ ክርስቲያን «ጨለማ» ብሎ ጠራት፤ ጉባኤውም «አሜን» አለ። ያቺ አሮጊት አሜን ሲሉ አልሰማሁም፤ ሰምተው ዝም እንዳሉ ግን አይቻለሁ። የቅዱስ ያሬድን ዜማ፣ የሌሊቱን ማኅሌት፣ የሕማማትን ስግደት ቆሞ ያላየ ሰው ጨለማ የማለት ሥልጣን ከየት አገኘ? እርሱም እንደ እኛ ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚፈርደው።

ይህ አለመተዋወቅ ዋጋ አለው። በብዙ ከተሞች የወንጌላውያን አማኞች ሙታናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ አጥተው ሲንከራተቱ ኖረዋል። ሃይማኖቱን የለወጠ ጎረቤት ከእድር የተሰረዘበት ጊዜም ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የእምነትን ነፃነት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል። ሁለቱም መልካም አንቀጾች ናቸው፤ የሬሳ ሣጥን ለመሸከም ትከሻ የሚያበድረው ግን ጎረቤት እንጂ አንቀጽ አይደለም። እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሕዝብ ደግሞ ለፖለቲከኛ የተመቸ ነው፤ ስለማታውቀው ሰው የተነገረህን ሁሉ ታምናለህና።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ለባልደረባዬ የት እንደዋልሁ ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና «ለቅሶው ዕለት ብትገባ ኖሮ…» ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። በሚቀጥለው ለቅሶ ዛፉ ሥር የምትቆሙ ወዳጆቼ ሆይ፣ እኔን አትጠብቁኝ።

ቸር ይግጠመን።